ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚመጣ የሳንባ ጉዳትን ደም አስቀድሞ ይነግረናል?

(በሐዋሳ ከተቀዳ ውይይት የተገለበጠ)

ትዕግሥት፦ ዶክተር፣ ለጡት ወይም ለሳንባ ካንሰር ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ አንዳንድ ሕሙማን፣ ሕክምናውን ጨርሰው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ቀላል ትኩሳት ይጀምራቸዋል። ለምን ይዘገያል?

ዳዊት፦ ጨረሩ የአየር ከረጢቶቹን የሸፈኑ ሴሎችንና ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲጎዳ ነገሩ በዚያው አያበቃም፤ የተጎዱት ሴሎች የሚለቋቸው ፕሮቲኖች ለሳምንታት አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ሳንባው እንዲቆጣ ያደርጋሉ። ምልክቱ በአብዛኛው ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ ጠባሳው ከዚያ በኋላ የሚጸና ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ወደ ደም ስለሚገቡ፣ ሳሉ ሳይጀምር ለክተን እንደርስበታለን የሚል ተስፋ አለ።

ትዕግሥት፦ ደጋግመው የሚነሡት የትኞቹ ናቸው?

ዳዊት፦ ኢንተርሊውኪን-6፣ ሰርፋክታንት ፕሮቲን-ዲ፣ ኬኤል-6 እና ቲጂኤፍ-ቤታ-1 የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ኬኤል-6 በጃፓን ለሌሎች የሳንባ ሕመሞችም ይለካል። ብዙ ያከራከረው ግን ቲጂኤፍ-ቤታ-1 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሕክምናው መጨረሻ መጠኑ ከመነሻው ከፍ ብሎ የቆየባቸው ሕሙማን ለሳንባ ጉዳቱ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ዘገቡ፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን በአንድ ድምፅ አልደገፉትም።

ትዕግሥት፦ ያለያያቸው ምንድን ነው?

ዳዊት፦ አንደኛ፣ ዕጢው ራሱ ይህን ፕሮቲን ያመነጫል። ሁለተኛውና እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የናሙና አያያዝ ነው፤ ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች፣ በውስጣቸው ብዙ ቲጂኤፍ-ቤታ ስለሚያከማቹ፣ ደሙ በጥንቃቄ ካልተቀዳና ፈሳሹ ከሕዋሶቹ በወቅቱ ካልተለየ ያንን ይለቁትና ውጤቱን ያለአግባብ ከፍ ያደርጉታል።

ትዕግሥት፦ እንግዲያው ከአለታ ወንዶ በመኪና የሚመጣ ናሙና ሰዓታት ቢዘገይ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ መንገዱ ነው ማለት ነው።

ዳዊት፦ በትክክል፣ ሲስተር። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ብቻውን ውሳኔ ሊሰጥበት አይገባም፤ ትርጉም የሚኖረው ከሕክምናው በፊት ከተወሰደው የዚያው ሰው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ነው። ዛሬ በዋናነት የምንመካው በጨረሩ ዕቅድ ነው፤ በተለመደው የሳንባ ካንሰር ሕክምና 20 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው የሳንባ ክፍል ከ35 በመቶ፣ የመላው ሳንባ አማካይ መጠንም ከ20 ግሬይ እንዳይበልጥ ይጣራል።

ትዕግሥት፦ እኛ ዘንድ ሳል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ መሆኑም ሊነሣ ይገባል።

ዳዊት፦ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ የጨረር ቁጣ የሚታከመው እንደ ፕሬድኒሶሎን ባሉ የሰውነትን መከላከያ በሚያዳክሙ መድኃኒቶች ስለሆነና እነርሱም የተደበቀ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ አክታው መመርመር አለበት። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ሕመምተኛው ጨረር መውሰዱን ካላወቀ ይህን ሁሉ ማመዛዘን አይችልም። ስለዚህ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ፣ መጠኑና ያለቀበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሳይዝ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ እጠይቃለሁ።