ቀለሙ ለምን ተሸበሸበ? የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በካርቶን ተበታትነው ስለሚመጡና እቤት ተገጣጥመው ስለሚቀቡ የአውሮፕላን፣ የታንክ፣ የመርከብና የመኪና ሞዴሎች አውርተን ነበር። ያን ቀን በስልክ ገብተው ሰዓት ያልበቃቸውን ጥያቄዎች ባለሙያው እንግዳችን ዛሬ ይመልሳሉ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ገና ልጀምር ነው። ካርቶኖቹ ላይ 1/72፣ 1/48፣ 1/35 የሚል ተጽፏል። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ቁጥሩ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ ይነግርሃል። ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። በ1/72 ስትሠራው 15.6 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በ1/48 ደግሞ 23.4። የመጀመሪያው መዳፍህ ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ይፈልጋል። 1/72 የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን እንዲወክል ተብሎ። የ1/35 ታሪክ ግን አስቂኝ ነው። የጃፓኑ የሞዴል ኩባንያ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ መጠኑን የወሰነው ሞተርና ባትሪ ውስጡ እንዲገባ ብሎ ነው። ሌሎቹ ተከተሉት፣ ዛሬ አብዛኛው የታንክ ሞዴል በዚያው በባትሪው ልክ ይሠራል።

ላንተ የምመርጥልህ በ1/48 የተሠራ ባለ አንድ ሞተር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ክፍሎቹ በወረንጦ ለመያዝ አያስቸግሩም፣ የሚቀባው ቦታም ብዙ አይደለም። ድርብ ክንፍ ያላቸውን የጥንት አውሮፕላኖች ለጊዜው ተዋቸው፤ ክንፎቹን ማስተካከልና ሽቦዎቹን መወጠር ጀማሪን ያስመርራል። የሚያብለጨልጭ የቤት መኪናም ይቆይህ። በታንክ ላይ ጭቃ የሚሸፍነው እንከን በመኪና ላይ ከሩቅ ይታያል።

ጠያቂ፦ ሁለቱን የአውሮፕላን ጎኖች ሳጣብቅ ሙጫው ወጣና የጣቴ አሻራ ቀረበት። በሱፐር ግሉ ብሠራ አይሻልም?

መልስ፦ የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ እንደ ሌላው ሙጫ በሁለት ነገሮች መሃል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ ራሱን ያሟሟዋል። የሁለቱ ክፍሎች ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ይዋሃዳል፣ ፈሳሹ ሲተን አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። አሻራህ የቀረውም ለዚህ ነው፤ የነካኸው ሙጫውን ሳይሆን የለሰለሰውን ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ሲሆን መጥረግ ነገሩን ያባብሰዋል። ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ በማግስቱ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ በ600 እና በ1000 አለስልሰው።

ለረጅም መገጣጠሚያ እንደ ውሃ የቀጠነውን ሙጫ ተጠቀም። ሁለቱን ጎኖች መጀመሪያ ደረቃቸውን ግጠማቸውና ያዛቸው፣ ከዚያ ብሩሹን ስንጥቁ ላይ ብቻ ንካ። ፈሳሹ ራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጣትህ ግን ስንጥቁ ላይ እንዳይሆን፤ ሙጫው እጅህ ሥርም ይሳባል። ገጥመህ ስትጫን በስንጥቁ ላይ ቀጭን የቀለጠ ፕላስቲክ ብቅ ካለ ደስ ይበልህ። ሲደርቅ በሞረድ ስታነሳው ስቱኮ ሳያስፈልግህ መገጣጠሚያው ይጠፋል። ቀለም የተቀባ ጠርዝ በዚህ ሙጫ በደንብ አይያዝም፤ መጀመሪያ ቀለሙን ፋቀው።

ሱፐር ግሉን ለናስ ቅጠሎች (ከስስ ናስ ለተቆረጡ ጥቃቅን ክፍሎች) እና ለሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ በቅርጽ ውስጥ ለሚጠነክር ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) ክፍሎች አስቀምጠው፣ የፕላስቲክ ሙጫ እነሱን አይዝም። የአብራሪውን መስታወት ግን በሱፐር ግሉ እንዳትነካ። ሲደርቅ የሚወጣው ተን ነጭ ጉም ይጥልበታል። ለመስታወት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ የተረፈውንም በእርጥብ ጥጥ ትጠርገዋለህ።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ታንኬን በኢናሜል ቀባሁት። በሁለተኛው ቀን ደርቋል ብዬ ከላይ የመኪና ስፕሬይ ነፋሁበት። ቀለሙ እንደ አሮጌ ቆዳ ተሸበሸበ። ቀለሙ የተበላሸ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ቀለሞቹ ምንም አልሆኑም፤ ያጋጫቸው ቅደም ተከተሉ ነው። ከሚደወሉልኝ ጥያቄዎች ግማሹ መልሱ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ለሞዴል የምንጠቀምባቸው ቀለሞች በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። ላከር በጠንካራ ቲነር የሚቀጥን ነው፤ ቲነሩ ሲተን በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክም በጥቂቱ ነክሶ ይይዛል። ብዙው የመኪና ስፕሬይ ከዚህ ወገን ነው። ኢናሜል፣ ለምሳሌ ሃምብሮል በጣሳ የሚሸጠው፣ በነጭ ቲነር (ዋይት ስፒሪት በሚባለው) ይቀጥናል። አክሪሊክ በውሃ ወይም በአልኮል ይቀጥናል። ቫሌሆ በውሃ የሚሠራ ነው፤ ታሚያ በብልቃጥ የሚሸጠው አክሪሊክ ደግሞ ከአልኮል ጋር ይስማማል።

እርስዎን የጎዳዎት የኢናሜል አደራረቅ ነው። ኢናሜል ቲነሩ ከተነነ በኋላ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ላዩ በጣት ሲነካ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ አንጸባራቂው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። የላከሩ ቲነር ከላይ ሲያርፍበት ያልጠነከረውን ሥር አሳበጠው፣ የደረቀው ልጥ መሄጃ ሲያጣ ተሸበሸበ። መድረቁን ለማወቅ ሞዴሉን ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉት። የቀለም ሽታ ካለው ገና ነው።

ስለዚህ ጠንካራው ከሥር፣ ለስላሳው ከላይ ይሁን። ላከር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ሽፋን)፣ በላዩ አክሪሊክ፣ በመጨረሻ ኢናሜል ወይም የሠዓሊ የዘይት ቀለም ቢያደርጉ ችግር የለም። አዲስ ነገር ከመቀባትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ራስዎን ይጠይቁ፤ ይህ ፈሳሽ ከሥሩ ያለውን ያሟሟል? ካሟሟ ወይ ይተዉት፣ ወይ በመሃል የሚከላከል ቫርኒሽ ይቀቡ።

ይህንን ጠባይ ካወቁበት መሣሪያ ይሆንዎታል። ታንክ ላይ የሚታየው በየስንጥቁ የተጠራቀመ ጥቁር ቆሻሻ የሚሠራው እኮ በዚሁ መንገድ ነው። አክሪሊኩ ደርቆ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ በጣም የቀጠነ ቡናማ ኢናሜል ይለቀቅበታል። ፈሳሹ ወደ ጎድጓዳው ይሮጣል፤ የተረፈውን ነጭ ቲነር በነካ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጠርጉታል። ነጭ ቲነሩ የደረቀውን አክሪሊክ ስለማይነካው እስኪጥምዎት ድረስ መጥረግና መድገም ይችላሉ። በኢናሜል ላይ ቢያደርጉት ግን ዋናውን ቀለም ይዞት ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ፈሳሽ ባልተቀባ ፕላስቲክ ላይ አያጥለቅልቁት። በኃይል ተገፍተው የገቡ ክፍሎች፣ በተለይ የጎማ ዘንጎች፣ ቲነሩ ሲገባባቸው ይሰነጠቃሉ። የተሸበሸበውን ታንክዎን በተመለከተ፣ በደንብ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ይተዉት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው እንደገና ይቅቡት። ከእንግዲህ አዲስ ውህድ ሲኖርዎት መጀመሪያ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ይሞክሩት።

ጠያቂ፦ የ12 ዓመት ልጄ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይሠራል። ሽታው ያሳስበኛል።

መልስ፦ ልክ ነዎት እናቴ፣ ሊያሳስብዎት ይገባል። የሙጫውና የቲነሩ ተን ራስ ያማል፣ እሳትም ይይዛል። በሚተኛበት ክፍል አይሥራ፤ መስኮት በተከፈተበት፣ ሻማም ምድጃም በሌለበት ቦታ ይሁን። ለዕድሜው ያለ ሙጫ ተገፍተው የሚገጠሙ ኪቶች (በካርቶን የሚመጡ ሞዴሎች) አሉ፤ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክና ብሩሽ ይጨምሩለት። ስፕሬይ ወይም ኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) ከጀመረ ግን በውሃ የሚሠራውም ቀለም ቢሆን ሳንባ ውስጥ የሚገባ ብናኝ ይሆናል። የሕክምና ጭምብል ተኑን አያስቀረውም፣ የተን ማጣሪያ የተገጠመለት ጭምብል ነው የሚያስፈልገው። ሬዚን ሲሞረድ ደግሞ በውሃ እያረጠቡ ነው፤ ዱቄቱ መተንፈስ የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ምላጩን ይዩለት። እስካሁን ያየኋቸው ጉዳቶች በሙሉ ከሽታ ሳይሆን ከምላጭ የመጡ ናቸው።

ጠያቂ፦ ኤርብራሽ ገዛሁ፤ የቀባሁት ሁሉ እንደ አሸዋ ሻካራ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ቀለሙ ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀብህ ነው። ወይ ወፍራም ነው፣ ወይ ርቀህ ነው የምትነፋው፣ ወይ ግፊቱ በዝቷል። እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥነው፤ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ስታስነካው ቀጭን ሽፋን ትቶ የሚወርድ ይሁን። ግፊቱን ከ1 እስከ 1.4 ባር (ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ) አድርገው፣ በ0.3 ሚሊሜትር አፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ተጠግተህ ንፋ። ቀለሙ ሲያርፍ ለአፍታ እርጥብ መስሎ መታየት አለበት። በተቃራኒው እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ አብዝተህ አቅጥነሃል፤ ግፊቱን ቀንስ። ስትጨርስ ወዲያው እጠበው። ኤርብራሽ አይሠራም ብለው ከሚያመጡልኝ አብዛኛው ጫፉ ላይ የደረቀ ቀለም ያለበት ነው።

ለሌሎቹ አድማጮች ግን ልናገር፤ ለመጀመር ኤርብራሽ አያስፈልጋችሁም። በዚህ ከብዙ ሠሪዎች ጋር እንከራከራለን፣ እኔ ግን አቋሜን አልለቅም። ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ የቀጠነ ቀለም፣ ሁለት ሦስት ስስ ድርብ። ግማሽ የደረቀው ላይ አትመለሱበት፤ ብሩሽ ጭረት የሚተወው ያኔ ነው። ቢጫና ቀይ አልሸፍን ካላችሁ ቀለሙን አታወፍሩት፤ ከሥሩ ነጭ ወይም ሮዝ ቅቡ።

ጠያቂ፦ ዲካሎቹን፣ ማለትም በውሃ የሚለጠፉትን ምልክቶች፣ ስለጥፍ ዳር ዳራቸው እንደ ብር ያብለጨልጫል። ያስጠላል።

መልስ፦ የሚያብለጨልጨው ከሥሩ የታሰረ አየር ነው። ፈዛዛ ቀለም በዓይን ለስላሳ ቢመስልም ገጹ በጥቃቅን ጉብታ የተሞላ ነው። ዲካሉ በጉብታዎቹ አናት ላይ ይንጠለጠላል፣ በመሃላቸው ያለው አየር ብርሃን ሲመታው ብር ይመስላል። ስለዚህ መፍትሔው ዲካሉ ከመለጠፉ በፊት ነው ያለው። ሙሉውን ሞዴል አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቢውና በደንብ ይድረቅ። ዲካሉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ20 ሰከንድ ያህል ንከሪ፣ አውጥተሽ ወረቀቱ ላይ ሳለ ይቆይ። ሳይገደድ ሲንሸራተት በእርጥብ ብሩሽ ወደ ቦታው ግፊው፣ ከመሃል ወደ ዳር ውሃውን በጥጥ አውጪ። በጣትሽ አትጎትቺው።

ዲካል ማለስለሻ የሚባለው ፈሳሽ ካለሽ ከላይ ቀቢበት። ዲካሉ ለጥቂት ደቂቃ ይሸበሸባል። እዚህ ላይ ብዙዎች ደንግጠው ሊያስተካክሉት ሲነኩት ይቀዱታል። አትንኪው፣ ሲደርቅ ራሱ ተዘርግቶ በየስንጥቁ ይገባል። በመጨረሻ ሁሉንም በፈዛዛ ቫርኒሽ ስትሸፍኚው የዲካሉ ጠርዝ ይጠፋል። አሁን የተበላሸውን ለማዳን ብር የሚመስለውን ቦታ በመርፌ ጫፍ ደጋግመሽ ወጋ ወጋ አድርጊና ማለስለሻውን ጨምሪ። ሁሉም ላይድን ይችላል፤ ትንሹ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል።

ጠያቂ፦ አውሮፕላኔ ጨርሼ ሳቆመው ጭራው ላይ ቁጭ አለ!

መልስ፦ የፊት ጎማ ያለው ነዋ። የእውነተኛውን አፍንጫ የሚያከብደው ሞተርና መሣሪያ በሞዴሉ ውስጥ የለም። ጎኖቹ ከመዘጋታቸው በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ማጣበቅ ነበረብህ፤ የመመሪያው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ስንት ግራም እንደሆነ ይጽፋል። አሁን ከተዘጋ ጎማዎቹን መቆሚያ ሰሌዳ ላይ ማጣበቅ ቀላሉ መንገድ ነው።

ጠያቂ፦ ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ ኪት አለ። ፕላስቲኩ ደህና ነው፣ ዲካሉ ግን ቢጫ ሆኗል።

መልስ፦ ወረቀቱን በግልጽ ላስቲክ ከተህ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገህ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፈው። በሁለት ሦስት ሳምንት ቢጫው በብዛት ይጠፋል። ከዚያ የማትፈልገውን አንዱን ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ሞክር። ከተፈረካከሰ የቀረውን ወረቀት ግልጽ ቫርኒሽ ቀባውና ካደረቅኸው በኋላ እያንዳንዱን ተጠግተህ ቆርጠህ ተጠቀም፤ ቫርኒሹ አንድ ላይ ይይዘዋል። የድሮ ኪት ፕላስቲኩንም ሳትቀባ በፊት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ስለሚኖርበት ቀለም ይገፋል።

ጠያቂ፦ የቀባሁት አልጣመኝም። ሁሉንም አስለቅቄ እንደ አዲስ መጀመር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እንዴታ። አክሪሊክ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ነክረህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። ላከር ቲነር ወይም አሴቶን ግን እንዳትሞክር፤ ቀለሙን ሳይሆን ሞዴሉን ነው የሚወስድብህ። ግልጽ መስታወቶቹን ከመንከርህ በፊት ንቀላቸው፣ ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። ሲለቅ በሳሙና እጠበው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ከፕራይመር ጀምር።