ስልሳዎቹ አንድ በአንድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሸሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች፣ ለዚህ ጉዳይ ብላችሁ ደሴ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

በእኛ በወሎ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር መረዳጃ ማኅበራችን፣ ሲጠራ ሟቹ ደግ ነበር ወይስ ክፉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ስለ ሟቹ የሚወራው ከቀብር በኋላ ነው፤ የሚያወራውም የሚያውቀው ሰው ነው። የተገደሉ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ግን ይሄን እንረሳዋለን። ብዙ ጊዜ ስለ ሟቹ የምንደግመው ገዳዩ ያወራውን ነው።

ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት የኅዳር 14 ቀን 1967ን ሌሊት ነው። ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ የገደለበት ሌሊት። ይሄ ነገር ወሎን በቀጥታ ይመለከታታል። መስከረም 1 ቀን ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ የእኛ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀያየረ በቴሌቪዥን ታይቷል። የተገደሉትም ከተወነጀሉባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ረሃብ ነበር። ሰዎቹ የተረሸኑት በእኛ ስም ጭምር ነው ማለት ነው።

አያቴ በ65ቱ ረሃብ ከራያ ተነስታ በእግሯ ደሴ የገባች ሴት ናት። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራለች። ግድያው በሬዲዮ ሲነገር ጎረቤቶቿ «ደምሽ ተመለሰልሽ» አሏት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዳኛ ፈርዶባቸው ነው?»

ዳኛ አልፈረደባቸውም። ጉዳዩን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ለዚሁ ኮሚሽን ቃላቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ምርመራው ሳያልቅ ሰዎቹ ተገደሉ። እኛም ረሃባችንን ማን እንደደበቀው፣ እህሉ ለምን በጊዜ እንዳልደረሰ፣ በችሎት የምንሰማበት ዕድል አብሯቸው ተቀበረ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አክሊሉን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ እሳቸው እንዴት ይጻፍ? በጣሊያን ወረራ ዘመን ፓሪስ ተቀምጠው ስለ አገራቸው የተሟገቱ ዲፕሎማት ናቸው። በ1953 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ የካቲት 1966 ቆይተዋል። ወሎ ያለቀውም እሳቸው በሚመሩት መንግሥት ጊዜ ነው። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ መግባት አለበት። በግፍ ስለተገደሉ ብቻ የመጨረሻውን የሚዘል ጸሐፊ አያቴን ይበድላል። የመጨረሻውን ብቻ የሚጽፍ ደግሞ ሟቹን።

«ስልሳዎቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት» የሚለው አባባልም ልክ አይደለም። ጄኔራል አማን አንዶም የራሱ የደርግ ሊቀ መንበር ነበሩ። የሞቱት ቤታቸው ተከበው በተኩስ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከደርግ ጋር ያልተስማሙ ወታደሮችም አሉ። ማዕረጋቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ስማቸውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እባካችሁ የታሪክ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉልኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ። ለወሎ ረሃብተኛ ብለው ሰልፍ ከወጡት ተማሪዎች ስንቶቹ ደርግ ባወጀው ቀይ ሽብር አለቁ! «አናርኪስት» ተባሉ። ሬሳቸው መንገድ ላይ ተጣለ፤ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም ቤተሰብ አለ። ዛሬ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ውስጥ ፎቷቸው ተደርድሯል። አፍሯቸውን አበጥረው የተነሱት ጉርድ ፎቶ። አንዳንዶቹ የልጅ ፊት ነው ያላቸው። እነሱን ሰማዕት ብሎ ብቻ ማለፍም አይበቃም። የትኛው ሒሳብ ጎበዝ ነበር? የትኛዋ ፓርቲ ውስጥ ገብታ፣ የትኛዋስ የማንም ሳትሆን ተያዘች? በወቅቱ ደርግን ይታገል በነበረው በኢሕአፓ ፓርቲ ጥይት የወደቁ የቀበሌ ሰዎችና ያኔ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው የመኢሶን ፓርቲ ሰዎችም ነበሩ። እነሱም ልጅ፣ ሚስት፣ ጎረቤት ነበራቸው። በእኛ ወገን አልሞቱም ብለን ከመዝገቡ ልናስቀራቸው አይገባም።

ስለዚህ የመጣሁት ልለምናችሁ ነው። በር ላይ ትልቅ ደብተር አስቀምጠናል። በ69 እና በ70 ወንድም፣ እህት ወይም የክፍል ጓደኛ የተገደለባችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጻፉልን። ገዳዩን አሁን ተዉት፤ እሱን ሌላ ቀን እንመጣበታለን። የቤት ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ምን ይወድ እንደነበር ጻፉ። የሚያናድድ ጠባይ ከነበረውም አትደብቁ። በትክክል የማታውቁትን ባዶ ተዉት፤ ሌላ የሚያውቀው ይሞላዋል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ሁለት ተማሪዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። እናቶቼ፣ የፈለጋችሁትን ያህል አውሩላቸው። አይቸኩሉም።