«ጋር ነበርኩ»፦ ሐረር ላይ በጡረተኛ መምህራን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከድሬዳዋና ከገጠር የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሰብሳቢ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሲናገር ሰው የሚጠብቀው ውዳሴ ነው። እኔ በኑዛዜ ልጀምር። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ቀን ቀርቶ በማግስቱ መጣ። «ትናንት የት ነበርክ?» አልኩት።

«ጋር ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ጋር!»

ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ድምፁ ሰለለ፤ መልሱ ግን ያው ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ያሾፈብኝ መሰለኝና እስከ ዕረፍት ደወል ድረስ አንበረከክሁት። «ጋር» በሐረሪዎች ቋንቋ፣ በጌይ ሲናን፣ ቤት ማለት መሆኑን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርተውኝ፣ የሐረሪን ባህላዊ ቤት በስሙ ጠርተው «ጌይ ጋር ገብተህ አታውቅም እንዴ?» ሲሉኝ ስኒው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ለካ ልጁ እቤት ነበርኩ ነው ያለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአንድ ቋንቋ በላይ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዲህ ይህ የሆነው ሐረር ላይ ነው፤ የጀጎል ግንብ በሮች እንኳን በአንድ ስም በማይጠሩበት ከተማ። እኛ ኤረር በር የምንለው ለሐረሪው አርጎብ በሪ ነው። ሸዋ በር ደግሞ አስመዲን በሪ ነው። አማርኛ ተናጋሪው መንገዱ ወዴት እንደሚወስደው አይቶ ሸዋ አለው፤ ውስጥ የሚኖረው የራሱን ስም ሰጠው። ጊድር መጋላ የሚባለውን ገበያ ኦሮሞው መጋላ ጉዶ ይለዋል፤ በሁለቱም ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የተደረደሩበትን መንገድ መኪና ግርግር ለማለት ግን ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገው፤ የስፌት መኪናው ራሱ ይናገራል።

ቋንቋ ሲሳሳ ከየት እንደሚጀምር ማየት የሚፈልግ ሰው ጌይ ጋር ገብቶ ይቀመጥ። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፤ መደቡ ነደባ ይባላል። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ የክብር ቦታ ነው። ጊድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ ገብቲ ሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለው። ልጅ ቃላቱን የሚማረው ሲቀመጥና «ተነሥ፣ ያ የአንተ ቦታ አይደለም» ሲባል ነው። አሁን በብዙ ቤት ሶፋ ገብቷል። ሶፋ ይመቻል፤ ወገቤን የሚያመኝ ሰው ስለሆንኩ አላማውም። ነገር ግን ነደባው ሁሉ አንድ ሶፋ ሲሆን ለልጁ አንድ ቃል ብቻ ይተርፈዋል፤ እሱም ከውጭ የመጣ ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጥቷል፤ በክልላችንም ሐረሪና አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። የጎደለው ሌላ ነው። እናት በአፋን ኦሮሞ ስትጠይቀው ልጅ በአማርኛ ሲመልስ፣ እናትም ደስ ብሏት «ጎበዝ» ስትለው፣ ያንን የሚያስተካክል አንቀጽ የለም። ይህን የምለው የአማርኛ መምህሩ ነኝ፤ «ጎበዝ» ማለቱን ያስተማርናቸውም እኛው ሳንሆን አንቀርም።

በዓባይ አካባቢ ጋፋት የሚባል ቋንቋ ነበር፣ የአማርኛ የሥጋ ዘመድ። ተናጋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ አማርኛ ዞሩ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ፍለጋ ሲሄዱ ያገኙት አራት ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። እኚሁ ሰው ናቸው በ1963 እ.ኤ.አ. የሐረሪን ቃላት ሥርወ ቃል መዝገብ ያሳተሙልን። ጋፋትን የደረሱበት ሊሞት ሲል ነው፤ ሐረሪን በደህና ጊዜ። እኛ ያለነው በደህናው ጊዜ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮ የያዝነው ሥራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ አዛውንት መርጦ በእጅ ስልኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፃቸውን ይቀዳል፤ በሐረሪ ይሁን፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በአርጎብኛ። ስለ ታሪክ አትጠይቋቸው፤ ሁሉም የሚመልሰው የታወቀውን ነው። ስለ አለላ ስፌት ጠይቋቸው፤ እያንዳንዱ የስፌት ጥለት ምን እንደሚባል፣ ለማን እንደሚሰጥ። ስለ ወጥ ቤት ጠይቋቸው። ልጅ ሲያጠፋ ምን ብለው እንደሚቆጡ ጠይቋቸው፤ የቁጣ ቃል መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም።

ከዋና ጸሐፊያችን የሒሳብ ሪፖርት በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዛሬው ስብሰባ ሁሉም በፈለገው ቋንቋ ይናገራል። የሚያስተረጉሙ ሦስት አባላት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ከሦስቱ አንዱ ያኔ ያንበረከክሁት ልጅ ነው፤ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ ስናገር ያልገባችሁን እሱን ጠይቁት።