ተሽሏት ሳለ በሽታው የት ነበር?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ፣ ስለሚባለው በሽታና ማይክሮአርኤንኤ ስለሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ላወራችሁ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፣ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ኤምኤስ የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ሴሎች አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ገብተው፣ ነርቭን የሚሸፍነውን ማየሊን የተባለ ቅባታማ ልባስ ሲያጠቁ የሚመጣ ሕመም ነው። ልባሱ ሲጎዳ መልእክት ይዘገያል፣ ይቆራረጣል። ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከዳል፤ ድካሙ ደግሞ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። ሴቶችን ከወንዶች አብልጦ ይይዛል።

አንዲት የቅርብ ዘመዴ አለባት። ሕመሙ ሲነሳባት አንዱ ሲኒ ሁለት ሆኖ ይታያትና ቡናውን ረከቦቱ ላይ ታፈሰዋለች። ሳምንታት ቆይቶ ይተዋታል። አንዴ ሸዋሮቢት ሰርግ ወርደን በሙቀቱ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲያገኛት ግን ማንም ሳይደግፋት ከመኪና ወረደች። "ታዲያ ቅድም ምን ሆነሽ ነው?" ያላት ሰው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሙቀት በተጎዳ ነርቭ የሚያልፈውን መልእክት ያዳክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እንዲህ ያለ መጥቶ የሚሄድ መዳከምን የጻፈው በፈረንጆቹ 1890 ነው! ማስመሰል አይደለም።

የሙቀቱ ነገር ጊዜያዊ ነው። ሕመሙ እውነት ሲያገረሽ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ማይክሮአርኤንኤም እዚህ ጋ ይመጣል። ሴል ውስጥ ከጂን የሚወጣ ፕሮቲን የመሥሪያ ትእዛዝ አለ። ማይክሮአርኤንኤ 22 የኬሚካል ፊደል ገደማ ብቻ ያላት ቁራጭ ናት፤ ትእዛዙ ላይ ተለጥፋ ፕሮቲኑ እንዳይሠራ ወይም እንዲቀንስ ታደርጋለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በ1993 በአንዲት ደቃቅ ትል ላይ አገኟት፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት አስገኘችላቸው።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሹፌር ፍሬንና ነዳጅ ምን እንደሆነ ያውቃል። መከላከያ ሴሎችም ሁለቱም አላቸው። ሚር-155 የተባለችው ማይክሮአርኤንኤ ነዳጅ የምትሰጥ ናት፤ እሷ የሌለቻቸው አይጦች ኤምኤስን የሚመስለው ሕመም ሲሰጣቸው ብዙም አይጎዱም። ሚር-146ኤ ደግሞ ፍሬን ናት፣ ብግነቱን፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎቹን ቁጣ፣ የሚያቀጣጥሉ ፕሮቲኖችን ትቀንሳለች።

እኔን በጣም የገረመችኝ ሚር-326 ናት። የቻይና ተመራማሪዎች በ2009 እንዳሳዩት፣ ቲ ሴሎች (ከመከላከያ ሴሎቹ አንዱ ዓይነት) ቲኤች-17 ወደሚባሉት ቁጡ ሴሎች እንዲለወጡ ትገፋለች፤ ኤትስ-1 የተባለውን ከልካይ ፕሮቲን ስለምታዳክም ነው። ሕመሙ ባገረሸባቸው ሰዎች ደም ውስጥም ከፍ ብላ ተገኝታለች። ዘመዴ "ዛሬ ተነሳብኝ" ስትል፣ ያ መነሳት ሴል ውስጥ የሚለካ ነገር አለው ማለት ነው። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

አሁን ደግሞ የማያስደስተው። ማይክሮአርኤንኤን የሚነካ፣ ለኤምኤስ የተፈቀደ መድኃኒት ገና የለም። ምርመራውም የሚሠራው በደም ማይክሮአርኤንኤ ሳይሆን በሐኪም እይታ፣ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ፣ ሲያስፈልግም ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ ነው። አንዷ ማይክሮአርኤንኤ ብዙ ትእዛዝ ስለምትነካ፣ እሷን ለማፈን የሚሰጥ መድኃኒት ሌላም ቦታ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ "የኤምኤስን ጂን እናስተካክላለን" የሚላችሁ ካለ ብራችሁን አትስጡ። ማገርሸቱን የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶች ግን አሉ፣ ቶሎ ሲጀመሩ ይሻላል።

እና እባካችሁ፣ አንድ ዓይናችሁ ደብዝዞ ወይም ጎናችሁ ደንዝዞ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ በኋላ ቢለቃችሁም ነርቭ ሐኪም ፈልጉ። መቼ እንደጀመረና መቼ እንደተወ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒታችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ።