«ደበረኝ» ስንል

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሊቀ መንበራችን የሂሳብ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የመዋጮው ጉዳይ ያሳሰበው ሰው ትንሽ ይታገሠኝ። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ድንኳን ስተክልና ወንበር ስሸከም ነው እንጂ ሥራዬ የአእምሮ ጤና ነርስነት ነው። ይህን ስናገር አንዳንዱ ፈገግ ብሎ «አማኑኤል ነው የምትሠራው?» ይለኛል፤ ከዚያ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት ያደርጋል። ለምጄዋለሁ።

እድራችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ድስቱና ሳህኑ ይወጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሰው በቁሙ እየደከመ ከሰው ሲሸሽ ግን የሚነፋ ጥሩምባ የለም። ስብሰባ መምጣት ያቆማል፣ ስልክ አያነሣም። እኛም «ኮራ» እንለውና መቅጫ እንጽፍበታለን። እዚህ መዝገብ ላይ መቅጫ ከተጻፈባቸው መካከል ኮርቶ ሳይሆን ታሞ የቀረ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ልጆቻችን መብራት ሲጠፋ «ደበረኝ» ይላሉ፤ ቡድናቸው ሲሸነፍም «ደበረኝ» ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ከአልጋዋ መውረድ ተራራ መውጣት የሆነባት ሴትም የምትለው «ደብሮኛል» ነው። ጤና ተቋም ስትሄዱ ለዚህኛው «ድባቴ» የሚል ስም ትሰማላችሁ። ልዩነቱ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ መከፋቱ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ በየቀኑ፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ይዞ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ጉልበትን ካናጋ፣ ሰውየውን «እኔ ለምንም አልረባም» ካሰኘው፣ ነገሩ ከተራ መከፋት አልፏል። ማልቀስ ግድ አይደለም። ብዙዎቹ አያለቅሱም፤ ቡና ሲቆላ ሽታው አይጠራቸውም፣ የልጅ ልጃቸው ሲስቅ አያስቃቸውም። ሐኪም ቤት ሲመጡም ስለ ስሜት አያወሩም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይወጋኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል» ነው የሚሉት። «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና ሆዳችን ሲፈጀን የጨጓራ መድኃኒት እንገዛለን።

ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ ምልክቱ ሳይሆን ስለ መነሻው ልናገር ነው። አንድ ሰው ደበረኝ ሲል ሁላችንም መድኃኒቱን በኪሳችን ይዘን እንገኛለን። አንዱ «ጠበል ግባ»፣ አንዱ «ሚስት አግባ»፣ ሌላው «ስፖርት ሥራ»፣ እኛ ነጭ ጋዋን የለበስነው ደግሞ «ኪኒን ዋጥ»። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም አልጠይቅም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሃምሳ ዓመት የተጠጉ እናት መጡ። ልጃቸው በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ይህን እንደሰማሁ ጉዳዩን በልቤ ዘጋሁት። ልጇ የጠፋባት እናት ምክንያት ይፈለግላታል እንዴ? ለወራት ተመላለሱ፤ አወራን፣ አብረን አዘንን፣ መድኃኒትም ተጀመረላቸው። ለውጥ የለም። አንድ ቀን እኔ ስላልነበርኩ ባልደረባዬ ተቀበለቻቸው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበዋል። «እማማ፣ ብርዱ ከመቼ ጀምሮ ነው? ድምፅዎስ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የጎረነነው?» አለቻቸው። ብርዱም፣ የድምፁ መጎርነንም፣ የሆድ ድርቀቱም፣ ሳይበሉ መወፈሩም የጀመሩት ልጁ ከመሄዱ በፊት ነበር። አንገታቸው ላይ ያለውን እንቅርት እኔም አይቼዋለሁ፤ ስንቱ እናት አንገት ላይ እያየሁት ስላደግኩ ጌጥ መስሎኝ አለፍኩት እንጂ። ደማቸው ሲመረመር አንገት ላይ ያለው፣ እንቅርት የሚሆነው የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራውን አቁሟል ማለት ይቻላል። በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ተጀመረላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ ጋቢው የለም።

ልጃቸው አሁንም አልደወለም። ሐዘናቸውም እዚያው ነው። ግን ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ለልጃቸው ስም ጧፍ ለማብራት ጉልበት አገኙ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ሁለት ሕመም ይዘው መጥተው እኔ ያየሁላቸው አንዱን ብቻ ነበር።

የሰውነት ነገር ብዙ ስለሆነ ሁሉንም አልዘረዝርም። የደም ማነስ አለ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ፤ ስኳር ያለበት ሰው፣ ስትሮክ የመታው ሰው ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መድኃኒትም ጭምር። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን አንዳንዱን ያስከፋዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያለ ልክ ያስፈነድቀዋል። ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ያንን ቢ12 ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እባካችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ መድኃኒታችሁን አትጣሉ! ለሐኪማችሁ «ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ነው» ብላችሁ ንገሩ ነው የምለው።

ወጣቶቹ ከኋላ ተቀምጣችኋል፤ ወደ እናንተም ልምጣ። ስለ ምርቃና እኔ ለእናንተ አላስተምርም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮን ለጥቂት ሰዓት ያነቃቃና ከዚያ ሂሳቡን ይጠይቃል። ማታ እንቅልፍ የለም፤ እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ ይፈለጋል፤ አልኮሉ ደግሞ ራሱ ስሜትን ቁልቁል የሚጎትት ነገር ነው። ጠዋት ሐራራ፣ ያቆመ ቀን ዱካክ። ታዲያ «ሕይወት አስጠላኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ አስጠልቶት ነው መቃም የጀመረው ወይስ ሲቅም ነው ያስጠላው? ሁለቱም ይኖራል። ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ሳይሰደብ መጠየቅ አለበት።

ስለ አራስ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። አያቶቻችን አራስን ብቻዋን አይተዋትም ነበር። ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፣ ሴቶች ይፈራረቁላታል፣ ገንፎው በላይ በላዩ ይመጣል። ለክፉ መንፈስ ተብሎ ይሁን ለሌላ፣ ያቺ ሴት እያንቀላፋች ሌላ ሰው ሕፃኑን ይይዝላት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባል ለሥራ ወጥቶ፣ እናቷ ወር ሳይሞላ ወደ ክፍለ ሀገር ተመልሰው፣ አራሷ ከሕፃን ጋር ብቻዋን ትውላለች። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ የብዙ ሴት ነገር ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እሷ መተኛት ካቃታት፣ ልጁን እያየች ምንም ካልተሰማት ይህ ድባቴ ነው። ይታከማል። «እግዜር ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ?» የሚለውን ንግግር ግን እባካችሁ እንተወው። እሷ ራሷን ቀድማ ብላዋለችኮ።

ሐዘን ደግሞ በሽታ አይደለም። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሐዘንን ቀስ በቀስ የሚያወጡ መንገዶች ናቸው። የሚያስፈራኝ መውጫ ያጣ ሐዘን ነው። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት አውቃለሁ፤ ማንነቷ እንዳይለይ ነገሯን ቀያይሬዋለሁ። እናቷ ሲሞቱ ቤተሰቡ «ሰው ቤት ሆና እንዳትደነግጥ» ብሎ ደበቃት። ከዓመት በላይ ለእናቷ መታከሚያ ብላ ብር ላከች። ስትመለስ መርዶ ነገሯት፤ ድንኳኑ ግን ከተነቀለ ቆይቷል፣ የሰፈሩም እንባ ደርቋል። ማን አብሯት ያልቅስ? እሷን ያመማት የእናቷ ሞት ብቻ አልነበረም፤ መታለሏም ነበር። መርዶ ስንደብቅ የምንራራው ለማን እንደሆነ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው።

ኑሮም አለ። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ካምበርዌል በሚባል የለንደን ሰፈር ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመው ነበር። ከባድ ነገር የደረሰባት ሴት ሁሉ በድባቴ አልወደቀችም። ይበልጥ የወደቁት ምስጢር የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው የሌላቸው፣ ቤት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆች የያዙ፣ ከቤት ውጪ ሥራ የሌላቸው፣ እናታቸውንም በልጅነት ያጡ ነበሩ። ለንደን ይሁን እንጂ የእኛ ሰፈር ሴቶች በየተራ ሲያልፉ አይታያችሁም? የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ጦርነት ሰው ከቀዬው ሲያፈናቅል የሚመጣውን መከፋት ኪኒን ብቻውን አይመልሰውም።

ከሁሉ የሚከብደው ምንም ያልጎደለበት ሰው ነው። ቤት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ልጆቹ ጤነኞች ናቸው። ሁሉም «ምን ጎደለህ?» ይለዋል፤ እሱም ራሱን «ምን ጎደለኝ?» እያለ ሌሊቱን ያነጋዋል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሰው ሰው ያለው የተጋላጭነት ልዩነት ከሲሶ በላይ በዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። ዘር ማለት እርግማን አይደለም፤ ደም ግፊትም እኮ በቤተሰብ ይሄዳል።

«የአእምሮ ኬሚካል ጎድሎ ነው» የሚለውን ማብራሪያ እኛም ባለሙያዎቹ ለዓመታት ስናወራው ነበር። አመጣጡ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ስታተን አይላንድ ባለ ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ አዲስ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን ድንገት መሳቅና መጫወት ጀመሩ። ከዚህ መሰል አጋጣሚ ነው የድባቴ መድኃኒቶች የተገኙት። መድኃኒቶቹ የአእምሮን ኬሚካል ከፍ እንደሚያደርጉ ሲታይ «እንግዲያው ጎድሎ ነበር» ተባለ። መድኃኒቶቹ ብዙ ሰው ይረዳሉ፤ እኔም ስሰጥ እውላለሁ። ነገር ግን ጉንፋን በዝንጅብል ሻይ ስለቀለለን ዝንጅብል አንሶን ነበር አንልም። መድኃኒቱ ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን መተው ወይም ሻል ሲል ድንገት ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ዱዓ የምታስደርጉም አስደርጉ። ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ።

እድሩ ምን ያድርግ ለምትሉኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። ከእሱ ዘንድ ትታከም የነበረች ወጣት ለአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ቀርታ ሕይወቷን አጠፋች። እሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አሮጊቶችን ይዞ ሥራ ጀመረ። አያቶቹ ሠልጥነው ከጤና ጣቢያው ግቢ የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ድባቴ የሚል ቃል አይጠቀሙም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ ማሰብ መብዛት ማለት ነው። «ሐሳብ በዛብኝ» እንደምንለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በአያቶቹ የታገዙት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እኛ ጋ አግዳሚውም አለ፣ እናቶቹም እነሆ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

የቀረ ሰው ሲኖር መቅጫ ከመጻፋችን በፊት ሁለት ሰው ይሂድለት። ምክር ይዞ አይሂድ። «ጠፋህብን፤ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ይበል። ዝምታው ይከብዳል፤ እኔ ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰውየው «ሞቴን ባደረገው» ካለ ደግሞ እንደ አባባል አትለፉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ነው የሚተነፍሱት። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ጦር መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

ሃያ ደቂቃዬን እንዳለፍኩ ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ቡናው ሲቀርብ እኔ ከድስት መጋዘኑ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የማይፈልግ ወንበር ልመልስ ብሎ ይምጣ።