በድጋሚ ስርጭት የተሠራ ዝና

(ምስል፦ የለንደን ገበያ፤ ባለ ሦስት ጎማ ቢጫ መኪና)

ተራኪ፦ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 ቢቢሲ «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» የሚባል ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቀልድ ድራማ ጀመረ። በደቡብ ለንደን፣ ፔክሃም የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ምንጩ የማይጠየቅ ዕቃ እየቸረቸሩ ሚሊየነር የመሆን ሕልም አላቸው። ተመልካቹ ግን ብዙም አልሞቀውም። ሁለተኛው ምዕራፍም ካለፈ በኋላ የመቀጠሉ ነገር አጠራጣሪ ነበር። በ1983 ያው ሁለተኛ ምዕራፍ በድጋሚ ሲተላለፍ ከመጀመሪያው የተሻለ ተመልካች አገኘ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ታዘዘ። በ1996 የገና ሰሞን አንዱን ክፍል 24.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። ከአምስት ብሪታንያዊ ሁለቱ ማለት ነው።

የቪዲዮ መቅጃ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት በሰዓቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ያልተገኘ ሰው አመለጠው፣ በቃ። ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ድጋሚ ስርጭት ብቻ ነበር።

(ምስል፦ የተደረደሩ የቴፕ ጥቅሎች)

ለመደገም ደግሞ መጀመሪያ መትረፍ ያስፈልጋል። ቴፕ ውድ ነበር፤ ተጠርጎ ሌላ ፕሮግራም ይቀረጽበታል። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የተገባው ውልም ድጋሚ ስርጭትን የሚገድብና የሚያስከፍል ስለነበር፣ አሮጌ ቅጂ ማስቀመጥ ትርፉ አይታይም ነበር። «ዳድስ አርሚ» ከተባለው ሲትኮም የ1969 ሁለተኛ ምዕራፍ ሦስት ክፍሎች እስከ ዛሬ ጠፍተው ቀርተዋል።

ቢሆንም ከድጋሚ ስርጭት እንደ «ዳድስ አርሚ» የተጠቀመ ጥቂት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰፈራቸውን ሊጠብቁ የተሰለፉ ሽማግሌዎች ታሪክ ነው፤ ገና በ1968 ሲጀምር የድሮ ዘመን ታሪክ ነበር። ሱሪው ከፋሽን ወጣ፣ ፀጉሩ አረጀ የሚል የለም። ቢቢሲ ሁለት ቅዳሜ ምሽት ሲደግመው አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሳቁ።

(ምስል፦ የሆቴል በር፤ ፊደሎቹ የተዛነፉ የስም ሰሌዳ)

በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚካሄደው ሲትኮም «ፎልቲ ታወርስ» ግን ሌላ ምሥጢር አለው። በ1975 እና በ1979 የተሠሩት 12 ክፍሎች ብቻ ናቸው። ደካማ የመጨረሻ ዘመን የለውም፤ ሲደጋገም የሚያሳፍር ክፍል አይመጣም። ከሁሉ በላይ የቀልዱ አሠራር ነው። በመጨረሻው ክፍል አስተናጋጁ ማኑኤል አይጥ ያሳድጋል፣ ሆቴሉ ውስጥ የጤና ተቆጣጣሪ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚስቀው አይጡ ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ ሲከፈት ነው። ደጋግሞ ያየው ግን ቆርቆሮው ብቅ ሲል ገና ይጀምራል። እንደኔ፣ ይህ ሲትኮም ሁለተኛ ሲታይ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በ2000 የብሪታንያ የፊልም ተቋም የባለሙያዎችን ድምፅ ሲሰበስብ ከአገሪቱ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ የወጣውም እሱ ነው።

በ1992 አሮጌ ፕሮግራሞችን የሚደግም ዩኬ ጎልድ የተባለ ጣቢያ ሲከፈት መደጋገም ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ።

(ምስል፦ ባዶ ስክሪን)

ሳይደጋገሙ የቀሩትስ? አይቲቪ የተባለው የብሪታንያ ጣቢያ ከ1972 እስከ 1976 ያሳየው «ላቭ ዛይ ኔበር» ሚሊዮኖች የተከታተሉት ነበር፤ ቀልዱ ግን ነጩ ጎረቤት ጥቁሩን በቆዳው ቀለም መስደቡ ላይ የቆመ ስለሆነ ዛሬ የሚደፍረው ጣቢያ ጥቂት ነው። «ብሬድ» ደግሞ ያን ያህል የሚያስነውር ነገር የለበትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዚህን የሊቨርፑል ቤተሰብ ታሪክ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። እንደ ሌሎቹ ስላልተደጋገመ ብቻ፣ ስለ ምርጥ ሲትኮም ሲወራ ስሙ የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው።

በ2020 «ፎልቲ ታወርስ»ም ተነካ። ጀርመናውያን እንግዶች የሚመጡበት ክፍል፣ አንዱ ገጸ ባህሪ በሚናገረው የዘረኝነት ቃል ምክንያት ከአንድ የኢንተርኔት ማሳያ ወረደ። ከደራሲዎቹ አንዱና ዋናው ተዋናይ ጆን ክሊዝ በአደባባይ ተቃወመ፤ የሚሳቅበት ተናጋሪው ራሱ ነው ብሎ ተከራከረ። ክፍሉ በቀናት ውስጥ ማሳሰቢያ ተለጥፎበት ተመለሰ። አርባ ዓመት ሲደጋገም የኖረ ክፍል ስለሆነ፣ መውረዱ የአገር ዜና ነበር።