ጆሮ የቆጠረው፦ ስለ ፕራቦድ ቻንድራ ሴን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የግጥም ወዳጆች፣

«ልብ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በወረቀት ላይ ሁለት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። በወል ቤት ስልት ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም ባንድ ምት የሚወጣ ድምፅ፣ እየቆጠረ የሚገጥም ሰው ሳድሱን የሚዳኘው በጆሮው እንጂ በዓይኑ አይደለም። እንዴት እንደሚዳኘው ቢጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። ዛሬ የማነሣላችሁ ሊቅ ይህን መሰሉን ጥያቄ በቤንጋልኛ ግጥም ላይ አንሥተው ከስልሳ ዓመት በላይ የደከሙበት ናቸው።

ፕራቦድ ቻንድራ ሴን ይባላሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በምሥራቅ ቤንጋል፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነው ምድር ተወለዱ። በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሥነ ጽሑፍን ሳይሆን የጥንታዊት ሕንድን ታሪክ ነው። ይህ የጠቀማቸው ይመስለኛል፤ የታሪክ ሰው ማስረጃ ሳይዝ አይፈርድምና። የሕንድ ብሔራዊ መዝሙር ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ ውዳሴ የተጻፈ ነው የሚለው ሐሜት ሲናፈስ፣ መረጃውን አንድ በአንድ አገላብጠው ሐሰትነቱን በመጽሐፍ ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ወደ ምቱ ልመለስ። በቤንጋልኛ የግጥም ምት «ቾንዶ» ይባላል፤ ሕይወት ደግሞ «ጂቦን»። ሁለቱንም በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ተከተሉኝ። «ቾን» በተነባቢ የተዘጋ ቀለም ነው፤ «ዶ» ክፍት ነው። «ጂ» ክፍት፣ «ቦን» ዝግ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ዝጉን ቀለም ስንት እንበለው?

እናቶች ልጆቻቸውን በሚያባብሉባቸው ዜማዎችና በሕፃናት ግጥሞች ዝጉም ክፍቱም እኩል አንድ ነው። ስለዚህ ቾንዶ ሁለት፣ ጂቦንም ሁለት። አራት አራት ቀለም እየተጠቀለለ ይሮጣል፤ ልጅ ለመዝለል የሚመቸው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ምት ዝግ ቀለም ሁልጊዜ ሁለት ይመዝናል፤ ቾንዶ ሦስት፣ ጂቦንም ሦስት። ይህን አቆጣጠር በቤንጋልኛ አጽንተው የተከሉት ታላቁ የቤንጋልኛ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር ናቸው፤ በ1890 ባሳተሙት «ማናሲ» በተባለው የግጥም መድበላቸው።

ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ራማያና የተባለው ጥንታዊ የሕንድ የጀግንነት ግጥም በቤንጋልኛ የተተረከበት፣ በአሥራ አራት ቁጥር፣ ስምንት ላይ አርፎ በስድስት የሚዘጋው ጥንታዊ ስንኝ የሚሄድበት ምት ነው። እዚህ ቾንዶ ሁለት ሲሆን ጂቦን ሦስት ይሆናል! ለምን? ዘመናት ሙሉ የተሰጠው መልስ «ፊደሉን ቁጠር» የሚል ነበር። እውነትም በቤንጋልኛ ጽሕፈት ቾንዶ ሁለት ፊደል ነው፣ «ን» እና «ዶ» ተጣብቀው ስለሚጻፉ፤ ጂቦን ሦስት ፊደል ነው። ዓይን ረካ፤ ጉዳዩም የተዘጋ መሰለ።

ሴን ግን አልረኩም። ግጥም ማንበብ የማይችል ገበሬ ምቱን ሳይስት ያዜመዋል፤ ታዲያ ፊደል የማያውቅ ሰው ፊደል ሊቆጥር ይችላል? ሕጉ ያለው ድምፅ ውስጥ ነው፦ ዝግ ቀለም በቃሉ መጀመሪያ ወይም መካከል ሲውል ተጨምቆ አንድ ይሆናል፤ በቃሉ መጨረሻ ሲውል ተስቦ ሁለት ይሆናል። ይኸው ነው። እንዲህ በሁለት ሐረግ ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ እዚያ ለመድረስ ግን የስንት ዘመን ግጥም በጆሮ ማጣራት እንደጠየቀ አስቡት።

ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው የሚከተለውን ነው። በ1922 ገና ወጣት ሳሉ ለሦስቱ ምቶች ስም አወጡላቸው። ስሞቹ ተወደዱ፤ መምህራን አስተማሩባቸው፣ ተማሪዎች ተፈተኑባቸው። ሦስተኛውን ያሉት «ኦኮርብሪቶ» ነበር፤ በፊደል የሚሄድ ማለት ነው። በኋላ ራሳቸው ስሙ ሐሰት እንደሚናገር ገባቸው፤ የጽሕፈት ስም እንጂ የድምፅ ስም አልነበረምና። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብለው አልተዉትም። ሦስቱንም ለውጠው ዶሎብሪቶ፣ ኮላብሪቶ፣ ሚሽሮብሪቶ አሏቸው፦ በቀለም የሚቆጠር፣ በድምፅ ርዝመት የሚቆጠር፣ ድብልቅ። በስማቸው የታወቀውን ሥራ በገዛ እጃቸው አፈረሱት። አንባቢው ግን አሮጌዎቹን ስሞች ለምዷቸው ነበርና እስከ ዛሬም አሮጌዎቹና አዲሶቹ ስሞች ጎን ለጎን ይነገራሉ።

ከታጎር ጋር ስለ ምት በደብዳቤ ይነጋገሩ ነበር። ታጎር በ1941 አረፉ። ሴን በታጎር ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወደ ሻንቲኒኬታን የገቡት በማግስቱ ዓመት፣ በ1942 ነው። ሊጠይቋቸው የሚችሉት ሰው በሌለበት ግቢ ውስጥ የታጎርን ግጥሞች ስንኝ በስንኝ ማድመጥ ቀጠሉ፤ በ1945 ታጎርን የምት መምህር ብለው የሰየሙበትን መጽሐፍ አወጡ። ታጎር ስለ ምት የጻፉትንም አሰናድተው እንደገና አሳተሙ። በ1986 እስኪያርፉ ድረስ የቤንጋልኛን ምት መመርመር አላቋረጡም።

ስላደመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።